ከ1800 ሜትር ወሬ የሚያመጣ ብረት

ልጅ ሆኜ ውሃ የምንቀዳው ከእጅ ፓምፕ ነበር። አፍሪዴቭ የሚባለው፣ ገጠር ያደገ ሰው ስሙን ባያውቀው እንኳን ሲያየው ያውቀዋል፣ ረጅም የብረት እጀታ ያለው፣ የሲሚንቶ መደብ ላይ የተተከለ፣ ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ። ጀሪካኖቹ ይሰለፋሉ፣ ተራ ሲደርስ እጀታውን በሁለት እጅ ይዘን ወደ ታች እንጫናለን፣ መጀመሪያ ባዶ ባዶ ይላል፣ ሁለት ሶስቴ ከተጫንን በኋላ ግን ድንገት ይከብዳል፣ ያ ክብደት እጃችን ላይ ሲመጣ "ያዘ!" እንል ነበር። ውሃውን ያዘ ማለታችን ነው። ፓምፑን የሚጠብቁት ሽማግሌ ደሞ ገና ውሃ ሳይወጣ እጀታውን አንዴ ጫን አድርገው "ጎማው አልቋል" ወይ "ዘንጉ ተፈቷል" ይላሉ፣ ተከፍቶ ሲታይ እንዳሉት ይሆናል። እንዴት እንደሚያውቁ ይገርመኝ ነበር፣ ሰላሳ ሜትር ታች ያለውን ነገር ማንም አያየውም እኮ።

አሁን የምኖረው ምዕራብ ቴክሳስ፣ ሚድላንድ አካባቢ ነው፣ ፐርሚያን ቤዚን የሚሉት የነዳጅ አገር። ስራዬ ደሞ፣ ሳስበው ሁሌ የሚደንቀኝ፣ ያው ዘንግ ነው። መጠኑ ተለየ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ሜዳው ላይ በየቦታው ቀና ጎንበስ ሲል የምታዩት ማሽን ፓምፕጃክ ይባላል፣ የዛሬ መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1925 ዋልተር ትራውት የሚባል ሰው እዚሁ ቴክሳስ ላፍኪን ከተማ ውስጥ ካወጣው ዲዛይን ነው። ፊት ለፊት ያለውን ጎባጣውን ነገር የፈረስ ጭንቅላት ነው የሚሉት። መንገደኛ መኪና አቁሞ ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው። እኔ ግን ስንት አመት ሙሉ ሳስብ የኖርኩት ከሱ ስር ስለተንጠለጠለው ነገር ነው።

የተንጠለጠለው ሰከር ሮድ ይባላል። ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 29 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ የአንዱ ርዝመት 25 ፉት ማለትም 7.62 ሜትር ነው፣ ሁለቱም ጫፉ ላይ የብሎን ጥርስ አለው፣ ካፕሊንግ በሚባል አጭር የብረት ማያያዣ እየተያያዘ እየተቀጣጠለ ወደ ታች ይወርዳል። 1800 ሜትር ለሚጠልቅ ጉድጓድ 236 ገደማ ዘንግ ያስፈልጋል። ይሄ ሁሉ የሚወርደው ቲዩቢንግ በሚባለው ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ነው፣ መጨረሻ ላይ ፕለንጀር አለ፣ በርሜል በሚሉት ሲሊንደር ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን ማለት ነው፣ ፕለንጀሩ ላይ አንድ ቫልቭ፣ ከሱ በታች በርሜሉ ስር ሌላ ቫልቭ፣ ሁለቱም ኳስ ብቻ ናቸው፣ ኳስና መቀመጫ። ሮዱ ወደ ላይ ሲሳብ የፕለንጀሩ ቫልቭ ይዘጋና ከላዩ ያለው የፈሳሽ አምድ በሙሉ ሮዱ ላይ ይጫናል፣ የታችኛው ደሞ ተከፍቶ አዲስ ፈሳሽ ያስገባል። ወደ ታች ሲመለስ የላይኛው ይከፈታል የታችኛው ይዘጋል፣ የፈሳሹ ክብደት ከሮዱ ላይ ወርዶ ቲዩቢንጉ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሮዱ በእያንዳንዱ ስትሮክ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ምልልስ፣ አንዴ ይሸከማል አንዴ ያራግፋል፣ ቀን ከሌት።

እና እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ብረት ጠንካራ ነው ብለን ነው የምናስበው፣ ከላይ ይህን ያህል ከሳብኩት ከታችም ይህንኑ ያህል ይሄዳል ብለን። እስቲ ቁጥሩን አብረን እናስላው። ፕለንጀሩ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው እንበል፣ ጥልቀቱ 1800 ሜትር፣ ፈሳሹን እንደ ውሃ እንውሰደው። ፕለንጀሩ ላይ የሚያርፈው ጭነት ወደ 2 ቶን ይመጣል። ሮዱ 19 ሚሊ ሜትር ከሆነ በዚህ 2 ቶን የተነሳ ብቻ ወደ 62 ሴንቲ ሜትር ይለጠጣል። ስልሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር! ፓምፕጃኩ በአንድ ስትሮክ የሚስበው 2.5 ሜትር ቢሆን ከዛ ውስጥ ከግማሽ ሜትር በላይ የሚሆነው ፕለንጀሩን ሳያንቀሳቅስ ሮዱን ለመለጠጥ ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። ላይ ያለው ሰው ፈረሱ ቀና ሲል እያየ ፓምፑ እየሰራ ነው ይላል፣ ታች ያለው ፕለንጀር ግን ገና አልተነሳም።

የልጅነቴን አፍሪዴቭ ደሞ በዚሁ ሂሳብ አስልቼዋለሁ። እሱ ቢበዛ 45 ሜትር ነው የሚጠልቀው፣ ፕለንጀሩ 50 ሚሊ ሜትር፣ ዘንጉን 10 ሚሊ ሜትር ብንለው በውሃው ክብደት የሚለጠጠው 2 ሚሊ ሜትር ተኩል አይሞላም። ለዚህ ነው እጀታው ስር የሚሆነው ሁሉ ወዲያው እጃችን ላይ የሚመጣው። ጥልቀት ሲጨምር ግን መለጠጡ በዚያው ልክ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፣ ጭነቱም ከጥልቀቱ ጋር ያድጋል የሚለጠጠው ብረትም ይረዝማል፣ ሁለቱ ይባዛሉ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ጉድጓዱ 40 ጊዜ ቢጠልቅ መለጠጡ 1600 ጊዜ ይሆናል። እኔ ይህን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳወጣው ቁጭ ብዬ ነው የቀረሁት፣ ምክንያቱም በዘንግ ምትክ ስፕሪንግ ነው ጉድጓዱ ውስጥ ያለው።

ስፕሪንግ ብቻ ቢሆን ደሞ ጥሩ ነበር። ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ብረት ውስጥ የመሳብም የመግፋትም ኃይል የሚጓዘው በድምፅ ፍጥነት ነው፣ ሰከር ሮድ ውስጥ ይሄ በሰከንድ 5 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን 1800 ሜትር ለመጓዝ ከሰከንድ አንድ ሶስተኛ በላይ ይፈጅበታል። በደቂቃ 10 ስትሮክ በሚሰራ ፓምፕ ላይ፣ ስትሮኩ መሃል ሲደርስ፣ ላይ ያለው የሮዱ ጫፍ በሰከንድ 1.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ታች የሆነ ነገር ሆኖ ወሬው ላይ እስኪደርስ ላይ ያለው ጫፍ ግማሽ ሜትር ያህል ሄዷል። ላይ የምንለካው ሁሌ ያለፈ ነገር ነው፣ ያውም በመንገዱ ላይ ከሌሎች ወሬዎች ጋር ተደባልቆ የመጣ፣ ምክንያቱም ወሬውን የሚያመጣው ማዕበል ላይ ደርሶ ተመልሶ ይወርዳል፣ ታች ደርሶ እንደገና ይመለሳል፣ እንደዚህ እየተመላለሰ ነው የሚኖረው።

ክራር የሚጫወት ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል። ጅማቱን አንዴ ነካ አድርገህ ስትለቀው እንቅስቃሴው ጫፍና ጫፍ እየተመላለሰ ነው ድምፅ የሚሆነው። የክራር ጅማት ወደ ጎን ነው የሚርገበገበው፣ ሮድ ግን በርዝመቱ ነው የሚለጠጠውና የሚኮማተረው፣ ሂሳቡ ግን አንድ ነው፣ ፈረንሳዊው ዳላምበር እ.ኤ.አ. በ1747 ስለ ጅማት የጻፈው የማዕበል እኩልታ ነው። ሮድም የራሱ ቅኝት አለው። 1800 ሜትር የሆነ ሮድ ከላይ ተይዞ ከታች ቢለቀቅ በደቂቃ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ድሮ መሃንዲሶች ሮዱን እንደ አንድ ድንጋይ ነበር የሚያስሉት፣ ክብደቱን ወስደው ፓምፕጃኩ ወደ ላይ ሲወረውረው የሚጨምረውን ይደምሩበታል። ከላይ ባልኩት ፓምፕ ላይ ይሄ ጭማሪ 14 ፐርሰንት ገደማ ነው። መጥፎ ግምት አይደለም፣ ብዙ ጉድጓድ በዚሁ ሰርቷል። ግን ታች ምን እየሆነ እንደሆነ ምንም አይነግርም። ታች ያለውን በቀጥታ የለካ ሰው ነበረ፣ ጊልበርት የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ፓምፑ ጋ የሚወርድ መለኪያ ሰርቶ የፕለንጀሩን ጭነትና እንቅስቃሴ መዝግቧል፣ ነገር ግን መለኪያውን ለማውረድና ለማውጣት ሮዱን በሙሉ ነቅሎ ማውጣት ነው፣ በየጉድጓዱ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ነገሩን የቀየረው ሳም ጊብስ ነው። ሼል የሚባለው የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ይሰራ የነበረ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጽሑፍ ሮዱን እንደ ድንጋይ ማየት ትቶ እንደ ጅማት አየው፣ የማዕበሉን እኩልታ ወስዶ አንድ የፍትጊያ ቁጥር ጨመረበት። ከዛ ደሞ ወደ ኋላ አዞረው። ማለቴ፣ ታች ያለውን አውቄ ላይ ምን እንደሚሆን ላስላ ከማለት፣ ላይ ያለውን ጭነትና እንቅስቃሴ በደንብ ከለካሁ እየወረድኩ እየወረድኩ ታች ያለውን ማውጣት እችላለሁ አለ። በ1967 ፓተንት ወጣበት። እኔ ይህን ሀሳብ መጀመሪያ ሳነበው የተሰማኝን ነገር አሁንም አስታውሰዋለሁ፣ እኚያ የመንደራችን ሽማግሌ በእጃቸው የሚያደርጉትን ሰውዬው በሂሳብ አደረገው ነው ያልኩት። ላይ የሚደርሰው ነገር የተዛባ ነው፣ ግን እንዴት እንደተዛባ ካወቅን መፍታት እንችላለን።

የሂሳቡ አሰራር፣ ወደ ኋላ ሳይዞር በፊት ያለው፣ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። ሮዱን በሀሳባችሁ ቆራርጡት፣ ለምሳሌ 15 ሜትር 15 ሜትር። እያንዳንዱ ቁራጭ ከላይ ያለው ጎረቤቱ ይስበዋል፣ ከታች ያለው ይጎትተዋል፣ የራሱ ክብደት አለው፣ ዙሪያው ያለው ፈሳሽ ይይዘዋል። የእነዚህ ድምር ቁራጩን ያፈጥነዋል ወይ ያዘገየዋል። ይህን በጣም ትንሽ ትንሽ በሆነ ጊዜ እየደጋገሙ ማስላት ነው። ጊዜው ግን በዘፈቀደ አይመረጥም፣ ማዕበሉ አንዱን ቁራጭ ለማቋረጥ ከሚፈጅበት መብለጥ የለበትም፣ ለ15 ሜትር ይሄ 3 ሚሊ ሰከንድ ነው። ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ የሚባሉ የሂሳብ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጡት ደንብ ነው። እኔ የመጀመሪያ ፕሮግራሜን ስጽፍ ይህን አላከበርኩም፣ 5 ሚሊ ሰከንድ ነው የሰጠሁት፣ ሮዱ አንድ ስትሮክ እንኳን ሳይጨርስ ጭነቱ ወደ ሚሊዮን ቶን ምናምን ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ የጻፍኩትን መስመር በመስመር እያነበብኩ ስህተት ፈለግኩ፣ ስህተቱ ግን ማዕበሉ ከኔ ሂሳብ መፍጠኑ ነበር፣ ሳላየው ያልፈኝ ነበር። 2 ሚሊ ሰከንድ ሳደርገው ጸጥ አለ።

የሚወጣው ውጤት ካርድ ይባላል። በአግድም የሮዱ ቦታ፣ በቁም ጭነቱ፣ አንድ ስትሮክ አንድ ዙር ይሰራል። ላይ የሚለካው ካርድ ቅርጹ የድንች ነው፣ ጎርበጥበጥ ያለ። ያን ጎርበጥበጥ ብዙ ሰው የመለኪያ ችግር ይመስለዋል። አይደለም! ቅድም ያዙልኝ ያልኩት 41 ይህ ነው። ሮዱ በደቂቃ 41 ጊዜ መርገብገብ ይፈልጋል፣ ፓምፑ ደሞ በደቂቃ 10 ስትሮክ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ በአንድ ስትሮክ ውስጥ አራት ያህል ጉብታ ይታያል። እየተመላለሰ ያለው ማዕበል ነው በአይናችሁ የምታዩት። ጉብታውን ቆጥሮ የሮዱን ርዝመት መገመት ይቻላል። አንዴ ሮድ ተበጥሶ ከየት እንደተበጠሰ ሳይታወቅ ከቀረው ክብደት ጋር ይህን አገናዝበን ገመትን፣ ሲወጣ ከሁለት ዘንግ በላይ አልሳትንም።

ካርዱ ታች ሲወርድ ግን፣ ማለትም ሂሳቡ ማዕበሉን አንድ በአንድ ሲያራግፈው፣ ድንቹ ወደ አራት ማዕዘን ይቀየራል። ፓምፑ ጤነኛ ከሆነና በደንብ ከሞላ ጥርት ያለ አራት ማዕዘን ነው፣ ጭነቱ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል። በርሜሉ ግማሽ ብቻ ሞልቶ ከሆነ ደሞ ፕለንጀሩ ሲወርድ ባዶውን ያልፍና ፈሳሹን በጥፊ ይመታዋል፣ ፍሉይድ ፓውንድ ይሉታል፣ አራት ማዕዘኑ ቀኝ ጎኑ ላይ ተገምሶ ይታያል። ጋዝ ካለ ያ ገመሳ ሹል ሳይሆን ዞር ያለ ይሆናል፣ ጋዙ ቀስ ብሎ ነዋ የሚታመቀው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሴ ፕሮግራም ሲወጣ ሳየው፣ ከዛ ጎርባጣ ድንች ውስጥ ያ አራት ማዕዘን ብቅ ሲል፣ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጠገቤ አልነበረም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር።

አሁን ግን ስለ ዋናው ነገር ላውራ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ነገር። ጊብስ የጨመራት የፍትጊያ ቁጥር ዳምፒንግ ትባላለች። አንድ ቁጥር ነች። ሮዱ ከፈሳሹ ጋር የሚያደርገውን መጓተት እንድትወክል ነው የገባችው፣ በፍጥነቱ ልክ የምትይዝ፣ ዝግ ሲል የምትቀንስ። እውነተኛ ጉድጓድ ውስጥ ግን ሮዱን የሚይዘው ፈሳሽ ብቻ አይደለም። ጉድጓድ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ቀጥ ያለ የሚባለውም ትንሽ ትንሽ ይጣመማል፣ ሮዱ መታጠፊያው ላይ ቲዩቢንጉን ይታከከዋል፣ ብረት በብረት። ያ ፍትጊያ ለፍጥነት ደንታ የለውም፣ ሮዱ ምን ያህል ግድግዳው ላይ ተጭኗል የሚለውን ብቻ ነው የሚያየው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግን ዳምፒንጓን ትንሽ ከፍ ካደረጋችኋት የታከከውንም ነገር ዋጥ አድርጋ ካርዱን ታስተካክለዋለች። ያልገባንን ነገር ሁሉ የምንከታት እዛ ነው።

እኔም ከተትኩ። ከጥቂት አመት በፊት ነው፣ አንድ ጉድጓድ ተሰጠኝ፣ ፋይሉ ውስጥ የጉድጓዱ የአቅጣጫ ልኬት አልነበረም፣ ጠየቅኩ፣ ቀጥ ያለ ነው ተባልኩ፣ እኔም ቀጥ ያለ አድርጌ ሰራሁት። የታችኛው ካርድ ትንሽ ወፈር ብሎ ጎኑ ዘመም አለ፣ ዳምፒንጓን ከፍ አደረግኩ፣ ተስተካከለ። የሚያምር አራት ማዕዘን ሆነ። ሪፖርት ጻፍኩ፣ ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ ሮዱም ከአቅሙ በታች ነው የሚሰራው ብዬ። ጉድጓዱን በየቀኑ የሚጎበኘው ሰራተኛ፣ ፓምፐር ነው የሚሏቸው፣ በእድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው፣ የፈረሱ ጭንቅላት ሲነሳ የሆነ ቦታ ላይ ሮዱ ያዝ ያደርገዋል፣ ደህና አይመስለኝም፣ ብሎኝ ነበር። እጁን የጉድጓዱ ራስ ላይ አድርጎ ነው ይህን የሚለው። ካርዱን አሳየሁት። ዝም አለ።

ከአምስት ወር በኋላ ምርቱ ወደቀ። ቲዩቢንጉ ተበስቶ ነበር፣ የተሳበው ፈሳሽ በቀዳዳው ወጥቶ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይፈሳል። የማውጫው ክሬን መጥቶ ሮዱ አንድ በአንድ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። የመጀመሪያዎቹ ሰላሳ ደህና ናቸው። ከዛ ከ250 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ካፕሊንጎቹ በአንድ ጎናቸው ብቻ ተበልተዋል፣ ክብ የነበረው ብረት አንድ ወገኑ በሞረድ የተሞረደ ይመስል ልሙጥ ሆኗል፣ ያብረቀርቃል፣ ጣቴን ሳሳልፍበት ጠርዙ ይቆርጣል። አምስት ስድስት ካፕሊንግ እንደዛ ነው፣ ከዛ በታች ያሉት እንደገና ደህና ናቸው። ሮዱን ጥዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ላይኛው ክፍል ላይ ያለ መታጠፊያ ትንሽ ቢሆንም አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም እዛ ጋ ሮዱ ከስሩ ያለውን ሁሉ ክብደት ተሸክሟል። ቅድም በወሰድነው ምሳሌ 250 ሜትር ላይ ወደ ላይ ሲሳብ ያለው ውጥረት ከ5 ቶን ይበልጣል፣ በ30 ሜትር ውስጥ 3 ዲግሪ ብቻ ቢታጠፍ እያንዳንዱ ዘንግ ግድግዳውን ወደ 70 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይጫነዋል። ያው መታጠፊያ ፓምፑ አጠገብ ቢሆን ኖሮ ከ30 ኪሎ በታች ነበር። 70 ኪሎ፣ በቀን 14,400 ጊዜ። ይህን ሁሉ እኔ በአንዲት ዳምፒንግ ውጬው ነበር፣ ሰውዬው ደሞ በእጁ አግኝቶት ነበር።

ይህን የምጽፈው ሞዴል አይረባም ለማለት አይደለም፣ በፍጹም። እኔ ሞዴሉን ከዛ ቀን በኋላ ይበልጥ ነው የወደድኩት። የተሳሳተው እኩልታው አይደለም፣ እኔ የጠየቅኩት ጥያቄ ነው፣ ካርዱ ከልኬቱ ጋር ተስማማ ወይ ብቻ ነበር የጠየቅኩት፣ ለምን ተስማማ አላልኩም። አሁን የማደርገው ሌላ ነው፣ ዳምፒንጓን ፈሳሹ በሚያዘው ልክ አድርጌ እተዋታለሁ፣ የፍትጊያውን ከአቅጣጫ ልኬቱ ለየብቻ አስገባለሁ፣ ከዛ የማይስማማ ነገር ከቀረ እንዳይስማማ እተወዋለሁ። ያ ልዩነት እኮ ነው ወሬው። ልኬት ከሌለ ደሞ ሄጄ እስኪለካ እጠይቃለሁ፣ ሰው ቢሰለቸኝም።

ከተበላው ካፕሊንግ ጋር አንድ የተበጠሰ ሮድም ቢሮዬ አለ፣ ከሌላ ጉድጓድ። አሁንም ስጽፍ አጠገቤ ነው። የተበጠሰበት ፊቱ ሁለት መልክ አለው፣ አንዱ ወገን ልስልስ ያለ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ፣ ላዩ ላይ የዛፍ ግንድ ሲቆረጥ እንደሚታየው አይነት ቅስት ቅስት መስመር ያለው፣ ሌላው ወገን ሻካራ፣ የተቀደደ። ቅስቶቹን ወደ መነሻቸው ስትከተሏቸው ጠርዙ ላይ አንዲት የመርፌ ጫፍ የምታክል ጉድጓድ ላይ ያደርሷችኋል። ዝገት የበላት ነች። ስንጥቁ ከዛች ተነስቶ በየስትሮኩ ቅንጣት ቅንጣት እየሄደ፣ የቀረው ብረት መሸከም ሲያቅተው አንድ ቀን ተቀደደ። የብረት ድካም ይሉታል። በደቂቃ 10 ስትሮክ ማለት በአመት ከ5 ሚሊዮን በላይ ነው፣ ሮዱን የሚገድለው ደሞ ትልቁ ጭነት ብቻ ሳይሆን በትልቁና በትንሹ መሃል ያለው ልዩነት ነው። ትንሹ ጭነት ዜሮ ድረስ ከወረደ በተለመደው ደንብ ሮዱ ከመበጠሻው ሩቡን ብቻ ነው እንዲሸከም የሚፈቀድለት። ለዚህ ነው እዚህ ሰው ሮድን በመዶሻ ሲመታ ያየ ሁሉ የሚቆጣው፣ የመዶሻ ምልክትም እንደዛች ጉድጓድ መነሻ ይሆናል።

ስለ መገፋትም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሮድ ለመሳብ እንጂ ለመገፋት አልተፈጠረም። የሂሳብ ሊቁ ኦይለር ሲገፋ ስለሚጎብጥ አምድ ያወጣው ቀመር አለ፣ አንዱን 7.62 ሜትር ዘንግ፣ 19 ሚሊ ሜትሩን፣ ጫፍና ጫፉ ታጥፎ መዞር የሚችል አድርጋችሁ ብትገፉት 23 ኪሎ ገደማ ላይ ይጎብጣል። ሲሳብ 6 እና 7 ቶን የሚችለው ብረት፣ ሲገፋ የአንድ ጀሪካን ውሃ ያህል ላይ እጁን ይሰጣል! ስለዚህ ፍሉይድ ፓውንድ ሲኖር፣ ፕለንጀሩ ፈሳሹን ሲመታ፣ ከሱ ከፍ ብለው ያሉት ዘንጎች ለቅጽበት ይጎብጡና ቲዩቢንጉን ይመቱታል። ለዚህ ነው ታች ፓምፑ አጠገብ ወፍራም ወፍራም ከባድ ዘንግ የሚደረገው፣ ከነሱ በላይ ያለው ሁሌ እንደተወጠረ እንዲቆይ።

ያ ጉድጓድ ተጠገነ። መታጠፊያው ጋ ያሉት ዘንጎች ላይ ጋይድ የሚሉት ወፍራም የፕላስቲክ ቀለበት ተደረገባቸው፣ ካፕሊንጉ ሳይሆን ፕላስቲኩ እንዲታከክ፣ የተበሳው ቲዩቢንግ ተቀየረ፣ ሮዱ አንድ በአንድ እየታሰረ ወረደ። ከሰዓት ላይ ሞተሩ ተነሳ። ቲዩቢንጉ ባዶ ስለነበር እስኪሞላ አራት ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ አስልቼ ነበር፣ ፓምፐሩም ወደ ቤቱ አልሄደም፣ ከኔ ጋር መኪናዬ ውስጥ ቁጭ አለ፣ ላፕቶፑን መሃላችን አደረግኩት። መጀመሪያ ላይ የታችኛው ካርድ ክር ብቻ ነበር፣ ላይና ታቹ የተጣበቀ፣ ፕለንጀሩ ላይ ገና የሚጫን ነገር የለማ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክሩ ትንሽ ተከፈተ። ሰዓቱ ሲሄድ፣ ፈሳሹ ቲዩቢንጉ ውስጥ እየወጣ ሲሄድ፣ ካርዱ እየወፈረ እየወፈረ መጣ። ሊመሽ ሲል ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ እጁን የማውጫው ቧንቧ ላይ አደረገ፣ ቆየ፣ ከዛ ዞሮ አየኝና ራሱን ነቀነቀ፣ ቧንቧው ሞቋል ማለት ነው፣ ነዳጁ ላይ ደርሷል። እኔም ሳላስበው በአማርኛ "ያዘ!" አልኩ።